ቀረጥ ሲያሳድደው የኖረ ሶላር

ሺ ዠንግሮንግ ከአውስትራሊያ ወደ ትውልድ አገሩ ቻይና ሲመለስ ዓመቱ 2001 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሲድኒ በሚገኘው የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ማርቲን ግሪን ሥር፣ የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ በመቀየር ሳይንስ ዶክትሬቱን ሠርቷል። ዕውቀት እንጂ ፋብሪካ የሚያቆም ገንዘብ አልነበረውም። ገንዘቡ የተገኘው ከሻንግሃይ ብዙም ከማትርቀው ከዉሺ ከተማ ነው። የከተማው አስተዳደር የመንግሥት ድርጅቶችን አስተባብሮ 6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አሰባሰበለት። ሰንቴክ የተባለው የሶላር ሴል አምራች ኩባንያ እንዲህ ተቋቋመ። በቀጣዩ ዓመት ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የማምረቻ መስመር በዓመት 10 ሜጋዋት ያመርት ነበር፤ ዛሬ አንድ ደህና አስመጪ በአንድ ትእዛዝ ሊያስጭነው የሚችል መጠን ነው።

ፈጠራው ግን የቻይና አልነበረም። በ1954 ቻፒን፣ ፉለር እና ፒርሰን የተባሉ ሦስት የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች ከሚያርፍበት ብርሃን 6 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ የሲሊከን ሴል በአሜሪካ ለዓለም አሳዩ። ከአራት ዓመት በኋላ ቫንጋርድ 1 የተባለችው ሳተላይት ይህን መሰል ሴል ይዛ ወደ ሕዋ ወጣች። ምድር ላይ ግን የሚገዛው ጠፋ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የአንድ ዋት ዋጋ፣ በዛሬ ገንዘብ ሲሰላ፣ ወደ 100 ዶላር ይጠጋ ነበር። በዚህ ዋጋ ጣሪያውን የሚያለብስ ማን ይኖራል?

ገበያውን የከፈተችው ጀርመን ናት። በ2000 የወጣው ሕጓ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ያስተከለ ማንኛውም ሰው የሚያመነጨውን ኃይል ለ20 ዓመት በተወሰነ ዋጋ እንዲሸጥ ዋስትና ሰጠ። ሕጉ በ2004 ሲጠናከር የባቫሪያ ገበሬዎች የከብት በረታቸውን ጣሪያ ሳይቀር በፓኔል ሸፈኑት። የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ፍላጎቱን ማሟላት ሲያቅታቸው ትእዛዙ ወደ ዉሺ ጎረፈ። ሰንቴክ በ2005 መጨረሻ አክሲዮኑን ኒው ዮርክ ላይ ሸጠ፤ ሺም ከቻይና ቀዳሚ ባለጸጎች አንዱ ሆነ። የዋስትናው ወጪ በመብራት ሒሳብ ላይ ይደመር ስለነበር፣ የጀርመን የመብራት ደንበኛ በየወሩ ሒሳቡን ሲከፍል፣ ሳያውቀው የቻይናን ፋብሪካ እየገነባ ነበር ማለት ይቻላል።

ርካሽነቱ ከየት መጣ? ተፎካካሪዎቹ መልሳቸው አንድ ነው፦ የመንግሥት ድጎማ። እውነት አለው። የክፍለ ሀገርና የከተማ አስተዳደሮች መሬት በቅናሽ ሰጡ፤ ባንኮች ብድር ለቀቁ፤ ሲሊከን ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ከፍተኛ ኃይል በርካሽ የድንጋይ ከሰል ተገኘ። በኋላም ከሺንጂያንግ በሚመጣው ሲሊከን ላይ የኡይጉር ሕዝብ የግዳጅ ጉልበት አለበት የሚል ከባድ ክስ ተነሣ። ሆኖም በዚህ ብቻ የሚያበቃ ክርክር ግማሹን እውነት ይደብቃል። መስታወት ሠሪው፣ የአሉሚኒየም ፍሬም አምራቹ፣ የማሽን ገጣሚው ሁሉም ጎረቤታሞች ነበሩ። ሎንጊን የመሰሉ የቻይና ኩባንያዎች ሲሊከኑን አልማዝ በተለበጠ ቀጭን ሽቦ እየሰነጠቁ ስስ ገበታ ማውጣት ቻሉ፤ ብክነቱ ቀነሰ፤ ከአንዱ ኪሎ የሚወጣው ሴል በረከተ። ግሪንና ባልደረቦቹ ሲድኒ ላይ የፈለሰፉት ፐርክ የተባለው የሴል አሠራርም በገፍ የተመረተው እዚያው ቻይና ነው።

በ2008 የሲሊከን ዋጋ በኪሎ ከ400 ዶላር በላይ ተሰቅሎ ነበር። ይህን ያየ ሁሉ ማቅለጫ ከፈተ። በዚያው ጊዜ ስፔን ለሶላር የምትከፍለውን ድጎማ ገደበች፤ የገንዘብ ቀውሱም ተከተለ። ገበያው በዕቃ ተጥለቀለቀና ዋጋው ተናደ። 535 ሚሊዮን ዶላር የመንግሥት ብድር ዋስትና ያገኘው የካሊፎርኒያው ሶሊንድራ በ2011 ከሰረ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሴል ምርት ከዓለም አንደኛ የነበረው የጀርመኑ ኪው-ሴልስ በ2012 ተከተለው። በመጋቢት 2013 ተራው የራሱ የሰንቴክ ሆነ፤ 541 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ መክፈል ተስኖት ወደቀ። ርካሽነቱ አሳዳጊውንም አልማረም።

የቀረጡ ማሳደድም በዚሁ ጊዜ ጀመረ። አሜሪካ ሶላርወርልድ በተባለው ኩባንያ አቤቱታ ተነሥታ በ2012 በቻይና ሴሎች ላይ ቀረጥ ጣለች። የቻይና ኩባንያዎች ሴል ከታይዋን ገዝተው መገጣጠሙን ቀጠሉ፤ በቀጣዩ ዙር ክስ ታይዋንም ተጨመረች። የአውሮፓ ኅብረት በሰኔ 2013 የራሱን ቀረጥ ባወጀ ማግስት ቤይጂንግ በአውሮፓ የወይን ጠጅ ላይ ምርመራ ከፈተች፤ ቀረጡን ደግፋ የቆመችው ፈረንሳይ መሆኗን ለሚያውቅ መልእክቱ ግልጽ ነበር። ሁለቱ ወገኖች በዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ ተስማሙ፤ ኅብረቱ ያንንም በ2018 ተወው። አሜሪካ ግን በዚያው ዓመት ከሞላ ጎደል ከየትም አገር በሚመጣ ሶላር ላይ 30 በመቶ ቀረጥ ጣለች። ፋብሪካዎቹ ወደ ማሌዥያ፣ ታይላንድ፣ ቬትናምና ካምቦዲያ ተስፋፍተው ስለነበር ቀረጡ እዚያም ደረሰ፤ በ2025 በአንዳንድ የካምቦዲያ አምራቾች ላይ የተወሰነው 3,521 በመቶ ነው። ይህ ቀረጥ ሳይሆን በር መዝጋት ነው።

ይህ ሁሉ አጥር የፋብሪካውን አድራሻ ቀየረ እንጂ ዕቃውን በዓለም ገበያ አላስወደደውም። አሜሪካ ያልገዛችውን ሌላው ዓለም ገዛው። የመብራት ዋጋ ያንገፈገፋቸው ፓኪስታናውያን በ2024 ብቻ 17 ጊጋዋት ያህል ፓኔል ከቻይና አስገቡ። ገዢው በአብዛኛው መንግሥት ሳይሆን ባለ ሱቁ፣ ባለ ፋብሪካውና መስኖ የሚስበው ገበሬ ነበር፤ ዛሬ የአገሪቱ የመብራት ድርጅቶች ራስ ምታት ደንበኛ መሸሹ ነው። በዚያው ዓመት የፓኔል የፋብሪካ ዋጋ በዋት 10 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ደርሶ ነበር። ሻጮቹ ራሳቸው እየከሰሩ ነው የሸጡት።

የማሳደዱ አንድ ጫፍ ሐዋሳ ደርሷል። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተገነባው ለልብስ ስፌት ነበር፤ ኢትዮጵያ በ2022 መግቢያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለመላክ ከሚያስችለው ከአጎዋ ስትሰረዝ ትልልቅ ገዢዎች ሸሹት። ቶዮ የተባለው፣ በቬትናም ሴል ያመርት የነበረ መቀመጫው ቶኪዮ የሆነ ኩባንያ በ2024 እዚያ ፋብሪካ እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በ2025ም ማምረት ጀመረ። ፓርኩን ያራቆተውም፣ ሥራ ያመጣለትም የዋሽንግተን የቀረጥ ውሳኔ ነው። ሴሎቹ በዋናነት የሚጫኑት ለአሜሪካ ገበያ ነው፤ የኢትዮጵያ ገበሬ ለውኃ ፓምፑ የሚገዛው ፓኔል ግን ዛሬም በአብዛኛው የሚመጣው ከቻይና ነው።