ያልደረሰው 1997፤ «ከኒው ዮርክ ማምለጥ» ስለ ተባለው ፊልም

ታሪክ የሚጻፈው ስላለፈ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ስለ ወደፊቱ ተብሎ የተሠራ ፊልም፥ የተነገረለት ዘመን ካለፈ በኋላ ሲታይ፥ እርሱም ራሱ የታሪክ ማስረጃ ይሆናል። ለዚህም አሜሪካዊው ጆን ካርፔንተር በ1981 ዓ.ም. ያወጣውን «ከኒው ዮርክ ማምለጥ» የተሰኘውን ፊልም ምሳሌ አድርገን እንመልከት። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሙ የሚናገረው ስለ 1997 ነው። በ1988 በአሜሪካ ወንጀል 400 በመቶ ስለ ጨመረ፥ መንግሥት የማንሃታንን ደሴት በግንብ አጥሮ፥ የገባ የማይወጣበት ወህኒ ቤት አድርጎታል። የፕሬዚዳንቱ አይሮፕላን ተጠልፎ በዚያው ደሴት ይከሰከሳል፤ ስኔክ ፕሊስኪን የሚባል የቀድሞ ወታደር፥ አሁን ግን እስረኛ የሆነ፥ አንድ ቀን በማይሞላ ጊዜ ፕሬዚዳንቱን እንዲያወጣ ይላካል።

በፊልሙ ውስጥ ጥቃቅን ስሕተቶች አሉ። ለማምለጫ የሚሆነው ድልድይ «የ69ኛው መንገድ ድልድይ» ይባላል፤ በኒው ዮርክ ግን እንዲህ ያለ ድልድይ የለም። ያለው በ59ኛው መንገድ በኩል በ1909 የተከፈተው የኩዊንስቦሮ ድልድይ ነው። በፊልሙ የምናየውም የሚሲሲፒን ወንዝ የሚሻገረው፥ ሴንት ሉዊስ አጠገብ የሚገኘው የቼይን ኦቭ ሮክስ ድልድይ ሲሆን፥ ዛሬ እግረኞችና ብስክሌተኞች ይመላለሱበታል። የኒው ዮርክ ጎዳናዎች መስለው ከሚታዩት አብዛኞቹም የሴንት ሉዊስ ናቸው፤ እስረኞቹ የሚደባደቡበት ትልቅ አዳራሽ የዚያች ከተማ የባቡር ጣቢያ ነው። ፕሬዚዳንቱን ሆኖ የተጫወተው ዶናልድ ፕሌዘንስ ደግሞ እንግሊዛዊ ነው፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንት በትውልድ አሜሪካዊ እንዲሆን ያዝዛል። ይህን እንኳ ተዋናይ ስለ ሆነ እንለፈው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ስኔክ ሞተር በሌለው አይሮፕላን ሲበር በመስተዋት ላይ የሚታየው የከተማው ሥዕል ነው። ተመልካች የኮምፒዩተር ሥራ ይመስለዋል። የኮምፒዩተር ሥዕል በዚያ ጊዜ እጅግ ውድ ስለ ነበረ፥ ሠሪዎቹ የሕንፃዎችን ትንንሽ ሞዴል ጥቁር ቀብተው፥ ጠርዛቸውን በሚያበራ ጥብጣብ ለብጠው፥ በመካከላቸው ካሜራ አሳለፉ።

ዋናዎቹ ስሕተቶች ግን የዘመን ስሕተቶች ናቸው። በፊልሙ ፕሬዚዳንቱ የሚጓዘው ከሶቪየት ኅብረትና ከቻይና ጋር ለሚደረግ ጉባኤ ነው። ሶቪየት ኅብረት በታኅሣሥ 1991 ስለ ፈረሰች በ1997 የሚላክ መልክተኛ አልነበራትም። ስለ ወንጀልም የሆነው ተቃራኒው ነው፤ በኒው ዮርክ በ1990 ከ2,200 በላይ ሰዎች ተገድለው ሳለ፥ በ1997 ቁጥሩ ከ800 በታች ወርዶ ነበር።

ታዲያ ካርፔንተር ይህን ከየት አመጣው? ከዓይኑ ፊት ከነበረው ነው። ኒው ዮርክ በ1975 ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ለኪሣራ ተቃርባ ነበር። በሐምሌ 1977 መብራት ጠፍቶ ባደረበት ሌሊት ሱቆች ተዘረፉ፥ ከ3,000 በላይ ሰዎችም ታሰሩ። ከ1970 እስከ 1980 ባሉት ዓመታት የከተማዋ ሕዝብ ከ800,000 በላይ ቀነሰ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1974 በዎተርጌት ምክንያት ሥልጣን ስለ ለቀቁም፥ ሕዝቡ በመሪዎቹ ላይ የነበረው እምነት ተናግቶ ነበር። ፊልሙ ይህን ሁሉ ወስዶ ቀጥ ባለ መስመር ወደ ፊት አስረዘመው። መስመሩ ግን ታጠፈ፤ በ2000 በተደረገው ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ ከ8 ሚሊዮን አልፎ ተገኘ።

ፊልሙ አንድ ነገር አልሳተም። ስኔክ አይሮፕላኑን የሚያሳርፈው ባለ 110 ፎቅ በሆነው በዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነው፤ ይህም ሕንፃ በ1997 በእርግጥ በስፍራው ቆሞ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፥ መስከረም 11 ቀን 2001፥ በተጠለፉ አይሮፕላኖች ከመንትያው ጋር ፈረሰ። በ1981 ሲኒማ ቤት ገብቶ ፊልሙን ያየ ሰው፥ የተጠለፈው አይሮፕላን ማንሃታን ላይ ሲወድቅ ልብ ወለድ ነው ብሎ አልፎታል። ዛሬ የሚያየው ሰው ዝም ይላል።