ከመጋረጃው በስተጀርባ

ፊልም ሲጀምር የሚያልፈውን የስም ዝርዝር አንብቦ የሚጨርስ ተመልካች ጥቂት ነው። ብዙው ሰው ወንበር እየፈለገ፣ ከጎኑ ካለው ጋር እየተጫወተ ያሳልፈዋል። የታሪክ ተማሪ ግን እንዲህ ማለፍ የለበትም። የስም ዝርዝርም ሰነድ ነው፤ ሰነድ ደግሞ ጸሐፊ አለው፤ ጸሐፊውም የሚጽፈው ስም እንዳለ ሁሉ የሚተወውም አለ። የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል የንጉሡን ስም ይጠራል እንጂ ድንጋይ የፈለጠውን አይጠራም። ፊልምም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ለማስረጃ አንድ ፊልም እናንሣ። ልጅ አዋቂ ሳይል ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያየው፣ ዘፈኑ በዓለም የተዘፈነው «የኦዝ ጠንቋይ» ነው። ኤም. ጂ. ኤም. የተባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ በ1939 አወጣው (እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ታሪኩ የኤል. ፍራንክ ባውም የ1900 መጽሐፍ ነው። ዶሮቲ የምትባል የካንሳስ ገጠር ልጅ አውሎ ነፋስ ወስዶ ኦዝ ከሚባል አገር ይጥላታል። ከገለባ ሰው፣ ከቆርቆሮ ሰውና ከፈሪ አንበሳ ጋር ሆና ወደ ቤቷ የሚመልሳትን ታላቅ ጠንቋይ ፍለጋ ትሄዳለች። መጨረሻ ላይ ውሻዋ ቶቶ መጋረጃውን ሲጎትት፣ ያ ሁሉን ያንቀጠቀጠ ጠንቋይ እጀታ የሚያዞር ተራ ሰውዬ ሆኖ ይገኛል። የፊልሙን ሥራ ራሱን የሚገልጽ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። እስቲ እኛም መጋረጃውን ትንሽ እንሳብ።

ዝርዝሩ ዳይሬክተሩ ቪክቶር ፍሌሚንግ ነው ይላል። ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉ እውነትም አይደለም። በጥቅምት 1938 ቀረጻውን የጀመረው ሪቻርድ ቶርፕ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ሠርቶ ተባረረ፤ የቀረጸውም ተጣለ። ቀጥሎ ጆርጅ ኩከር ለጥቂት ቀናት መጣ። ዶሮቲ ሆና የምትጫወተውን ጁዲ ጋርላንድን ቢጫ ዊጓን አስወልቆ፣ ፊቷ ላይ የተለሰነውን ቅባት አስጠርጎ፣ «እንደ ገጠር ልጅ ሁኚ» አይነት ምክር ሰጥቷት ሄደ። እኛ የምናውቃት ዶሮቲ የተገኘችው ያን ጊዜ ነው። ፍሌሚንግ አብዛኛውን ቀረጸ፤ በየካቲት 1939 ግን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን እንዲረከብ ተወሰደ። የቀረውን የካንሳስ ክፍል የቀረጸው ኪንግ ቪዶር ነው። ዶሮቲ ከጎተራው አጠገብ ሆና ስለ ቀስተ ደመና የምትዘፍነውን፣ ሰው ሁሉ ከፊልሙ የሚያስታውሰውን ክፍል የመራው እሱ ሆኖ ሳለ ስሙ የለም።

ወደ ደራሲዎቹ ስንመጣም ያው ነው። የፊልም ድርሰቱን ጻፉ ተብለው የተመዘገቡት ሦስት ሲሆኑ እጃቸውን ያስገቡት ሌሎች ከአሥር አያንሱም። ኢ. ዋይ. ሃርበርግ የተመዘገበው በዘፈን ግጥም ብቻ ነው። የዜማው ደራሲ ሃሮልድ አርለን ነው። ሃርበርግ ግን ወደ ዘፈኖቹ የሚያሻግሩትን ንግግሮችም ጽፏል። ይህ ሰው በኒው ዮርክ ድሆች ሰፈር ያደገ የአይሁድ ስደተኞች ልጅ ነው። በ1932፣ በዚያ የሥራ አጥነት ዘመን፣ ሠርቶ ሠርቶ ሳንቲም ለመለመን ስለ በቃ ሰው የታወቀ ዘፈን የጻፈውም እሱ ነበር። ቀስተ ደመናን ሲጽፍ ስለ ምን ዓይነት ናፍቆት እንደጻፈ ከዚህ መገመት አያቅትም። የሚገርመው የስቱዲዮው ሹማምንት ዘፈኑ ፊልሙን ያንቀራፍፋል ብለው ሊቆርጡት ነበር። ተሟግተው ካተረፉት አንዱ አርተር ፍሪድ ነው፤ የሱም ስም ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያ ሊቆረጥ የነበረ ዘፈን በ1940 የኦስካር ሽልማት አገኘ። ሃርበርግ ደግሞ በ1950ዎቹ በፖለቲካ አቋሙ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገብቶ የሆሊውድ በር ተዘጋበት።

እስካሁን ያወራነው ስለ ስም ነው። አካሉን የከፈለም አለ። የቆርቆሮው ሰው ሆኖ ቀረጻውን የጀመረው ባዲ ኤብሰን ነበር። ፊቱ ቆርቆሮ እንዲመስል የአሉሚኒየም ዱቄት ይነሰነስበት ነበር። ዱቄቱን ሲተነፍስ ሰንብቶ ሳንባው እምቢ አለ፤ ሆስፒታል ገብቶ በኦክሲጅን ተረዳ። ስቱዲዮው ጃክ ሄሊን ቀጠረና ዱቄቱን በቅባት ለውሶ ሥራውን ቀጠለ። የኤብሰን ድምፅ ግን ከዘፈኖቹ በአንዱ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ዛሬ ይሰማል። ስም የለውም፤ ድምፅ ግን አለው!

ክፉዋን ጠንቋይ የምትጫወተው ማርጋሬት ሃሚልተን ቀድሞ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ታኅሣሥ 23 ቀን 1938 በጭስና በእሳት መሐል የምትሰወርበት ክፍል ሲቀረጽ፣ ወለሉ ሥር ሳትገባ እሳቱ ቀደማትና ፊቷንና እጇን አቃጠላት። የተቀባችው አረንጓዴ ቀለም መዳብ ያለበት ስለነበር ከተቃጠለው ቆዳዋ ላይ በአልኮል መጠረግ ነበረበት። ስድስት ሳምንት ያህል ተኝታ ተመለሰች፤ «ከእንግዲህ ከእሳት ጋር አልሠራም» ብላ ቁርጧን ተናገረች። ታዲያ ጭስ የሚተፋው መጥረጊያ ላይ በሷ ፈንታ ቤቲ ዳንኮ የምትባል ተተኪ ተቀመጠች። የጭሱ ቧንቧ ፈንድቶ እሷም እግሯ ቆስሎ ሆስፒታል ገባች። ዳንኮ የምትባል ሴት እንደነበረች ከዝርዝሩ ማንም አያውቅም።

ጁዲ ጋርላንድ ያን ጊዜ 16 ዓመቷ ነው። በሳምንት 500 ዶላር ይከፈላት ነበር። እንዳትወፍር ምግቧን ይቆጣጠሩባት ነበር፤ ለመንቃት ኪኒን፣ ለመተኛት ኪኒን ይሰጧት እንደነበር ራሷ ኋላ ተናግራለች። በ1969 በ47 ዓመቷ የሞተችው ከመጠን ያለፈ የእንቅልፍ ኪኒን ወስዳ ነው። የሕፃናት ተዋንያን ገቢ በከፊል እንዲጠበቅላቸው የሚያዘው የካሊፎርኒያ ሕግ የወጣው ፊልሙ በወጣበት በዚያው በ1939 ነበር።

መንችኪን የሚባሉትን የኦዝ ነዋሪዎች የተጫወቱት ቁመታቸው አጭር የሆነ ወደ 124 ሰዎች ነበሩ። ዝርዝሩ የሚጠራቸው በአሰባሳቢያቸው በሊዮ ሲንገር ስም፣ በጅምላ ነው። በሳምንት የሚደርሳቸው 50 ዶላር ገደማ ሲሆን ለውሻው አሠልጣኝ የሚከፈለው ግን 125 ዶላር ነበር። የአብዛኞቹም ድምፅ በሌላ ዘፋኝ ተተካ። ሆሊውድ የእግረኛ መንገድ ላይ ለመንችኪኖቹ ኮከብ የተነጠፈላቸው በ2007 ነው፤ ያን ጊዜ በሕይወት የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከተዋንያኑ የመጨረሻው፣ ጄሪ ሜረን፣ በ2018 ዐረፈ።

«ታዲያ ስቱዲዮው ብዙ አተረፈ ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። መጀመሪያስ ከሰረ። ለሥራው ከ2.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት በመጀመሪያው ዙር ወደ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ አስመዘገበ። የቤተሰብ ሁሉ ፊልም ያደረገው ከ1956 ጀምሮ በቴሌቪዥን መታየቱ ነው። ግን ያን ጊዜ የመጣው ገቢ ለተዋንያኑ አልደረሰም። ውላቸው ስለ ቴሌቪዥን የሚያወራ አልነበረም። የተዋንያን ማኅበር የተቋቋመው በ1933 ነው፤ ስቱዲዮዎቹ ያወቁለትም በ1937 ነው። ማኅበሩ በ1960 የሥራ ማቆም አድማ አድርጎ ሲደራደር እንኳ የቆዩት ፊልሞች ተዋንያን ከድጋሚ ትርዒት ክፍያ ውጪ ሆኑ። እንግዲህ ስምም ሆነ ክፍያ በችሎታ ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ በውልና በመደራጀት የሚገኝ ነገር ነው። ዝርዝሩን የጻፈው ጥበብ ሳይሆን ውል ነው ማለት ነው።

በታኅሣሥ 2024 ዶሮቲ ከተጫማቻቸው ቀይ ጫማዎች አንዱ ጥንድ በጨረታ 28 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ የአጫራቹ ክፍያ ሲታከልበት 32.5 ሚሊዮን ደረሰ። የገንዘብ ዋጋ መለዋወጡ እንዳለ ሆኖ፣ በሳምንት 50 ዶላር የሚከፈለው መንችኪን 28 ሚሊዮኑን ለማግኘት ከአሥር ሺህ ዓመት በላይ መሥራት ነበረበት። ጫማው ሲከበር ከጎኑ የጨፈረው ሰው ስሙ ጠፋ።

ይህን ሁሉ ማወቅ የፊልሙን ውበት ያጎድላል የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ጠንቋዩ ተራ ሰው መሆኑ ሲታወቅ የዶሮቲ መንገድ ከንቱ አልሆነም። እንዲያውም እነዚያ ጓደኞቿ የሚፈልጉት አእምሮ፣ ልብና ድፍረት ከጠንቋዩ ሳይሆን ከራሳቸው እንደነበረ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። እዚህ ግን ሸክሙ የሃምሳ፣ ጌጡ የአንድ ሰው ሆኖ ተጻፈ። ታሪክ የምንማር ሰዎች ሥራችን ጌጡን መስበር አይደለም፤ ሎሚውን የያዙትን እጆች መቁጠር ነው።