በቆርቆሮ ሣጥን የቀረ የጦር ፖሊስ

ሐራ ስንላችሁ ብዙዎቻችሁ ትዝ የሚላችሁ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ ድረስ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ይሆናል። በግዕዝ ግን «ሐራ» ጭፍራ፣ ሠራዊት ማለት ነው። (የከተማዋ ስም ከዚያ መጣ እያልን አይደለም፤ ኦሮምኛ የሚችሉ ወዳጆቻችን «ሐይቅ ነው» ብለው ይሞግቱናል።) ነገሩን ያነሳነው ከመካከላችን የአንዷ ወንድ አያት የደርግ ዘመን የጦር ፖሊስ ስለነበሩ ነው። ሲያልፉ ሐራ ካለው ቤታቸው አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ትተዋል።

ሣጥኑን ከፈትነው። ፊሽካ፣ የተሰነጣጠቀ ቀበቶ፣ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሦስት ፎቶዎች። በአንደኛው ሰውዬው ፎቶ ቤት ውስጥ አበባ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ክንዳቸው ላይ የጦር ፖሊስ ጨርቅ ታስሯል። ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ፣ 1979» ይላል። በሁለተኛው ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር ኦራል መኪና ሥር ቁጢጥ ብለው ይስቃሉ። ሦስተኛውን እንመለስበታለን።

የጦር ፖሊስ ሥራው ኮንቮይ ማሳለፍና እስረኛ መጠበቅ ብቻ አልነበረም። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ታዘዘ። ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ተደለደለ። ወጣቱ ግማሹ ጫካ ገባ፣ ግማሹ ከግንባር ጠፋ። የጠፋውን ፈልጎ የሚመልሰው ታዲያ ማን ነው? ፎቶው ላይ ያሉት ሰውዬ ናቸው። በየካቲት 1981 ሽሬ ላይ ጦሩ ተሸንፎ ትግራይን ለቅቆ ሲወጣ ውጊያው ወደ ሰሜን ወሎ ወረደ፤ ሥራቸውም ወደ ገዛ አገራቸው መጣ ማለት ነው።

ግንቦት 1983 ላይ ያ ሁሉ ሠራዊት ተበተነ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ነው። ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ አባላት አዲስ አበባ መታሰቢያ አላቸው፤ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መስቀል አደባባይ ሙዚየም አላቸው፤ የሕወሓት ታጋዮችም መቀሌ ላይ ሐውልትና ሙዚየም ቆሞላቸዋል። ያኔ ለተበተነው ወታደር ግን የቀረለት፣ እኛ እስካየነው ድረስ፣ እንዲህ ያለ ሣጥን ነው። ጥፋተኛም ተጎጂም ስለነበር የትኛው ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል የተቸገርን ይመስለናል።

ሴት አያቷ ያኔ የደንብ ልብሱን አቃጥለው ፎቶዎቹን ከሠርጋቸው ፎቶ ጀርባ፣ እዚያው ፍሬም ውስጥ ደበቋቸው። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያና አካባቢዋ ሲደርስ ደግሞ ፍሬሙን ሰብረው ፎቶዎቹን በመቀነታቸው ቋጥረው ወጡ። ታኅሣሥ 2014 ላይ አካባቢው ነጻ ሲወጣ ተመለሱ። «ለምን እነዚህን?» አልናቸው።

«አብሽሩ ልጆቼ፣ ሌላው ይተካል።»

ሦስተኛው ፎቶ ጉርድ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው የማይመስል ልጅ፣ የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ የተቆለፈ። ዘመድ አይደለም።

«ይሄ ማነው?» አልን።

«መንገድ ላይ የያዘው ልጅ ነው። ወረቀቱን ቀማው፣ ፎቶው እጁ ላይ ቀረ። ስሙን ረሳሁት ይል ነበር። ሊሞት ሰሞን እሱን አምጡልኝ አለ። እኔ የሠርጋችንን መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ አልጠየቅናቸውም፤ እሳቸውም ቡናውን ማማሰል ቀጠሉ። ፎቶውን መስኮት ጋ ወስደን አየነው። ጥግ ላይ ክብ ማኅተም አርፎበታል። የማኅተሙ ግማሽ ከወረቀቱ ጋር ስለቀረ የሚነበበው «ገበሬ ማኅበር» የሚለው ብቻ ነው። የየትኛው እንደሆነ የሚናገረው ተቆርጧል።