የድሮ የጃፓን የሻይ ስኒ፦ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ዘመኑን እንጂ ዋጋውን አይነግራችሁም

ስኒውን ገልብጡት። ከሥሩ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት «ጃፓን» ወይም «ኒፖን» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ቡፌ ውስጥ ተቆልፎበት የኖረው ዕቃ ታሪክ አለው ማለት ነው። «ስንት ያወጣል?» የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ይህን ባለማወቅ ሁለት ዓይነት ሰው ይጎዳል። አንዱ የአያቱን ዕቃ በርካሽ ይሸጣል። ሌላው ደግሞ «አንቲክ ነው» ተብሎ አዲስ ዕቃ በውድ ይገዛል። ስለዚህ መለያዎቹን በቅደም ተከተል አዘጋጅተናል። ሴቭ አድርጉት፤ ዕቃው እጃችሁ ሲገባ ይጠቅማችኋል። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

1. ፖርሴሊን ነው ወይስ ተራ ሸክላ?

ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን መብራት ስኒው ውስጥ አብሩት። ስስ ፖርሴሊን ብርሃን ያሳልፋል፤ ከውጭ ጣታችሁን ብታስጠጉ ጥላው ይታያል። በጥፍር ቀስ ብላችሁ ስትመቱትም ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ወይ ተሰንጥቋል ወይ ፖርሴሊን አይደለም።

በጃፓን ፖርሴሊን መሠራት የጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በኪዩሹ ደሴት በምትገኘው አሪታ ከተማ ነው። ዕቃው በኢማሪ ወደብ በኩል ስለሚወጣ አውሮፓ ውስጥ «ኢማሪ» በሚል ስም ታወቀ። ሰማያዊ፣ ቀይና ወርቃማ ቀለም አንድ ላይ ካያችሁ መጀመሪያ እሱን አስቡ። ክሬም መልክ ያለው፣ ላዩ በጣም ጥቃቅን ስንጥቆች የሞሉበትና ብርሃን የማያሳልፈው «ሳትሱማ» ግን ፖርሴሊን አይደለም፤ በስህተት አብሮ ይሸጣል።

2. ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ምን ይላል?

አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ምክንያት፣ ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት ተደረገ። የጃፓን ዕቃ ዘመን የሚለየው በአብዛኛው በዚህ ነው።

• ምንም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሌለው፦ ከ1891 በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ግን ለጃፓን ገበያ የተሠራ ወይም የወረቀት ምልክቱ የወደቀ አዲስ ዕቃም ሊሆን ይችላል። «ጽሑፍ የለውም፣ ስለዚህ ጥንታዊ ነው» የሚል ሻጭ ማስረጃ አላቀረበም።

• «ኒፖን»፦ በአብዛኛው ከ1891 እስከ 1921። ኒፖን ጃፓኖች አገራቸውን የሚጠሩበት ስም እንጂ የፋብሪካ ስም አይደለም። በ1921 አሜሪካ በእንግሊዝኛ «ጃፓን» ተብሎ እንዲጻፍ አዘዘች።

• «ጃፓን» ወይም «በጃፓን የተሠራ»፦ ከ1921 ወዲህ። ይህ በጣም ሰፊ ዘመን ስለሆነ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም።

• «በቁጥጥር ሥር ባለችው ጃፓን የተሠራ»፦ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የአጋር አገሮች ጦር ጃፓንን ይዞ በነበረበት ጊዜ። ያ ዘመን በ1952 አብቅቷል።

• «ማይክሮዌቭ ይችላል» የሚል ካለበት፦ በቃ፣ የቅድመ አያት ዕቃ አይደለም።

ከፋብሪካዎቹ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥማችሁ ኖሪታኬ ነው። ኩባንያው የተመሠረተው በ1904 ናጎያ አጠገብ ነው። ከድሮ ምልክቶቹ ታዋቂው በቅጠል ጉንጉን የተከበበ «ኤም» ፊደል ሲሆን፣ የመሥራቾቹን የሞሪሙራን ቤተሰብ ስም ያመለክታል። አንድ የምንወደው ታሪክ አለ፦ ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካው የዕቃው ጥራት እንደ ድሮው አልሆነለትም። ስለዚህ በራሱ ስም መሸጡን ትቶ ለጥቂት ዓመታት «ሮዝ ቻይና» የሚል ምልክት ተጠቀመ።

3. ፎርጅድ አለ

የ«ኒፖን» ምልክት ዋጋ ስለሚያስጨምር አዲስ ዕቃ ላይ ይታተማል። በአንዳንድ ፎርጅዶች ላይ ጉንጉኑ የተገለበጠ ነው፤ በሌሎቹ ደግሞ በ«ኤም» ፋንታ የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ነገር አለ። ምልክቱን ፎቶ አንስታችሁ አጉሉትና ከትክክለኛው ጋር አወዳድሩት። ዕቃውንም እዩት፦ ወፍራምና ከባድ ከሆነ፣ ወርቁም ብዙ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ተጠራጠሩ። ብዙ ዓመት የተቀመጠ ስኒ የሥሩ ጠርዝ ትንሽም ቢሆን ይፋጃል።

4. በእጅ የተሳለ ወይስ የታተመ?

ሥዕሉን በስልካችሁ ካሜራ በጣም ቀርባችሁ አንሱት። እንደ ጋዜጣ ፎቶ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከታዩ የታተመ ነው። የብሩሽ መስመር ካለና አንዱ ስኒ ላይ ያለው አበባ ከሌላው ትንሽ የሚለይ ከሆነ በእጅ የተሳለ ነው። አንዳንዱ ሁለቱም አለበት፤ መስመሩ ታትሞ ቀለሙ በእጅ ይሞላል።

ስኒውን ወደ ብርሃን ስታነሱት ከሥሩ የሴት ፊት ብቅ ካለ አትደንግጡ። ፖርሴሊኑን በማሳሳትና በማወፈር የሚሠራ ሥዕል ነው። ቆንጆ ነው፤ ግን ለውጭ ገበያ በብዛት ስለተሠራ ብርቅ አይደለም።

5. ስብስቡ ሙሉ ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለጃፓን ቤት የተሠራ ስብስብ ብዙውን ጊዜ አምስት ስኒ ነው፤ አራት የሚለው ቁጥር በጃፓንኛ «ሞት» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ ስለሚመሳሰል ይሸሻል። ስለዚህ አምስት ስኒ ካገኛችሁ «አንዱ ጠፍቷል» ብላችሁ ዋጋ አትቀንሱ። እነዚህ ስኒዎች እንደ እኛ የቡና ሲኒ ጆሮ የላቸውም።

ለአሜሪካና ለአውሮፓ የተሠራው ግን ጆሮ ያለው ስኒ ከነሳህኑ፣ ብዙ ጊዜ ስድስት ስድስት፣ በራድ፣ የስኳር መያዣና የወተት ማቅረቢያ አለው። ክዳኖቹን ቁጠሩ። ክዳኑ የተሰበረ በራድ ዋጋው በጣም ይወርዳል።

6. ጉዳቱን ፈልጉ

ጣታችሁን በጠርዙ ዙሪያ አዙሩት፤ ዓይን የማያየውን ሽርፍ ጣት ያገኘዋል። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ፣ የለቀቀ ወርቅ፣ ተሰብሮ የተጣበቀ ጆሮ ዋጋ ይቀንሳሉ። ሐሰተኛ ብር መለያው የአልትራቫዮሌት መብራት ካላችሁ አብሩበት፤ የተጠገነው ቦታ ብዙ ጊዜ ለየት ብሎ ያበራል።

7. አሁን ዋጋው

ኢቤይ ላይ ሻጩ የጠየቀው ዋጋ ምኞት ነው። ማጣሪያው ውስጥ ገብታችሁ «የተሸጡ» የሚለውን ምረጡና ሰው በእርግጥ የከፈለውን እዩ። ለፍለጋው ጎግል ሌንስ ይረዳል፤ ከሥሩ የሥዕሉ ስም ወይም ቁጥር ካለ ደግሞ እሱን ጻፉ።

እውነቱን እንንገራችሁ፦ ከ1950ዎቹ ወዲህ የተሠሩ፣ ሥዕላቸው የታተመ ብዙ ስብስቦች የሚሸጡት በጥቂት አሥር ዶላሮች ነው። ዋጋ የሚያወጣው ጥሩ የእጅ ሥዕል፣ የታወቀ ፋብሪካና ጉዳት አልባነት አንድ ላይ ሲገኙ ነው። ደግሞም አሜሪካ ውስጥ 60 ዶላር የተሸጠ ዕቃ አዲስ አበባ ቡፌ ላይ 60 ዶላር አይደለም። ሃያ ምናምን ተሰባሪ ዕቃ አሽጎ መላክ ከዋጋው ሊበልጥ ይችላል። ዘመድ አሜሪካ ሆኖ ከያገለገለ ዕቃ መሸጫ ሲገዛም ሒሳቡ ያው ነው።

እነዚህን አታድርጉ

ወርቁን በሽቦ አትፈትጉ፣ በረኪና አታስነኩት፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡት። የድሮ ደማቅ ቀለሞች እርሳስ (ሊድ) ሊኖራቸው ስለሚችል የሎሚ ሻይ በየቀኑ አትጠጡበት፤ ለሕፃናትም አትስጡ።

ለመሸጥ ከወሰናችሁ ሙሉ ስብስቡን፣ የሥሩን ምልክት፣ ሥዕሉን ከቅርብና ያለውን ጉዳት ሁሉ ፎቶ አንሱ። ከዚያ በፊት ግን እናታችሁን ወይም አያታችሁን «ይሄ ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ጻፉት። ከሥሩ ያልተጻፈውን የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው።