በኬካችን ውስጥ ያለው አልኮል ከየት መጣ?

በውጭ አገር በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል በሠርግ፣ በልደትና በዒድ ግብዣ ላይ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ «ኬኩ ውስጥ አልኮል አለ ወይስ የለም?» የሚል። አንዳንዱ «ማካበድ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው ደግሞ «ፈረንጆቹ ሆን ብለው ደብቀው ያበሉናል» ይላል። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በሙያዬም መሐንዲስ ነኝ። ሁለቱም አባባሎች ታሪኩን ካለማወቅ የመጡ ይመስሉኛል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አገር ቤት ሳለን ድንበሩ ሥጋው ላይ ነበር። እኔ ባደግሁበት ወሎ የክርስቲያንና የሙስሊም እርድ ይለያል፤ በአንድ ድግስ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ ጠላ ለማይጠጣ ጎረቤት ጌሾ ያልገባበት ቀሪቦ ይቀርብለታል። ዳቦው ግን የጋራ ነበር። ድፎውን ማንም ቢጋግረው ሁሉም ይቆርሰዋል፤ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨውና ጥቁር አዝሙድ መሆኑ ይታወቃልና። እርሾ ራሱ ሊጡ ውስጥ ጥቂት አልኮል ይሠራል፤ ሆኖም ዳቦን ሐራም ነው ያለ ሼህ ሰምቼ አላውቅም። አሜሪካ ስንመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ሥጋው «ሃላል» ተብሎ ተጽፎበት ይሸጣል፤ ጥርጣሬው ወደ ኬኩ ተዛወረ።

የዚህ ዋናው ምክንያት ቫኒላ ነው። ቫኒላ የሜክሲኮ ተክል ነው። ወደ ሌላ አገር ሲወሰድ ያብብ እንጂ አያፈራም ነበር፤ በ1841 በሪዩኒየን ደሴት በባርነት ይኖር የነበረ ኤድሞን አልቢየስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ አበባውን በእጅ የማዳቀል ዘዴ እስኪያገኝ ድረስ። የዓለምን ኬክ ያጣፈጠው ይህ ሰው በድህነት መሞቱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በ1847 ደግሞ ቦስተን ውስጥ ጆሴፍ በርኔት የቫኒላን ጣዕም በአልኮል አውጥቶ በጠርሙስ መሸጥ ጀመረ። በርኔት መድኃኒት ቀማሚ እንጂ መጠጥ ሻጭ አልነበረም። በዘመኑ መድኃኒት ቀማሚዎች ቅጠሉንም ሥሩንም በአልኮል መዘፍዘፍ ልማዳቸው ነበር። የቫኒላ ጣዕም በቀዝቃዛ ውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ በአልኮል ግን በቀላሉ ይሟሟል፤ ሳይበላሽም ይቆያል።

ጀርመኖች ሌላ መንገድ ያዙ። በ1874 ቲማንና ሃርማን የተባሉ ኬሚስቶች ቫኒሊንን ከጥድ ከሚገኝ ንጥረ ነገር ሠሩት። ይህኛው ደረቅ ዱቄት ነው። የጀርመን ቤተሰብ ዛሬም ከስኳር ጋር የተደባለቀ ቫኒሊን በትንሽ ወረቀት ከረጢት ይገዛል፤ አሜሪካዊው ጠርሙስ ይከፍታል። ስለዚህ ፍራንክፈርት ያለችው እህታችን ከዋሽንግተኗ ይልቅ ጭንቀቷ ቀለል ያለ ነው።

የሚገርመው አሜሪካኖች ራሳቸው በዚሁ ጥያቄ ተፈትነዋል። ከ1920 ጀምሮ መጠጥ በሕገ መንግሥት ሲከለከል፣ የቮልስቴድ ሕግ ለመጠጥነት የማይሆኑ የምግብ ማጣፈጫዎችን ከክልከላው ውጭ አደረጋቸው። ሰዉ ግን እነሱንም ይጠጣ ጀመር። በ1930 የጃማይካ ዝንጅብል ኤክስትራክት በመርዛማ ኬሚካል ተበርዞ ተሸጦ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሽባ ሆነዋል። ክልከላው በ1933 ተነሳ፤ ጠርሙሱ ግን ከወጥ ቤቱ አልወጣም።

እንዲያውም ዛሬ በአሜሪካ የምግብ መሥፈርት መሠረት «ቫኒላ ኤክስትራክት» ለመባል ቢያንስ 35 በመቶ አልኮል መያዝ ግዴታ ነው። ደብቀውናል ለሚሉ ወገኖች መልሴ ይህ ነው፤ ቃሉ ራሱ ይናገራል። የተሸሸገ ነገር ካለ «ናቹራል ፍሌቨር» በሚለው ስር ነው፤ ጣዕሙን የተሸከመው ፈሳሽ በይዘት ዝርዝሩ ላይ ላይጻፍ ይችላልና።

አሁን ወደ ስሌቱ ልግባ። አንድ የሻይ ማንኪያ ኤክስትራክት 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ በውስጡ ወደ 1.4 ግራም አልኮል አለ። «እሳቱ ያተነዋል» የሚባለው በከፊል ብቻ ልክ ነው። በአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ሠንጠረዥ መሠረት ለ30 ደቂቃ ከተጋገረ በኋላ 35 በመቶው ይቀራል። አንድ ኪሎ በሚመዝን ኬክ ይህ 0.05 በመቶ ያህል ነው። እሳት የማይነካው ከላይ የሚቀባው ክሬም ግን ሌላ ነው፤ ያው አንድ ማንኪያ 300 ግራም ክሬም ውስጥ ሲገባ ግማሽ በመቶ ሊደርስ ምንም አይቀረውም።

ቁጥሩ ብያኔ አይሰጥም፤ ብያኔው የዑለማዎች ነው፤ እነሱም አንድ አይደሉም። የማሌዥያ የፈትዋ ምክር ቤት በ2011 ማጣፈጫ ውስጥ የገባው አልኮል ከመጠጥ ጠመቃ የተገኘ ካልሆነ፣ በመጨረሻው ምግብ ውስጥ ከ0.5 በመቶ ካልበለጠና ካላሰከረ ፈቅዷል። ብዙው የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም ሐራም ነው በሚለው መርህ ጸንተው ጠርሙሱን ጨርሶ የማያስገቡም አሉ። በበኩሌ የኋለኞቹን አከብራለሁ፤ እኔም ቤት የሚገባው ዱቄቱ ነው። በግሊሰሪን የተዘጋጀ ፈሳሽ ቫኒላም በየሱቁ ይገኛል። ለማኅበር ድግስ ኬክ የሚጋግሩልን እናቶች አንዱን ቢመርጡ፣ እንደ ድፎው ሁሉ ኬኩንም ሁላችን እንቆርሰዋለን።