ዳቦ ብቻ

ሙኒክ ቢርጋርተን ስገባ የገረመኝ ቢራው አይደለም። ከጎኔ የነበሩት ቤተሰቦች ከቤት ባመጡት ጨርቅ ጠረጴዛውን ሸፍነው ዳቦ፣ አይብና ፍጅል ደረደሩ። ማንም ምን አደረጋችሁ አላላቸውም፤ ቢራውን ብቻ እዚያው ገዙ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከእሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1539 የወጣ የባቫሪያ ደንብ ከኤፕሪል 23 እስከ ሴፕቴምበር 29 ቢራ መጥመቅን ከለከለ። በሙቀቱ ወራት የጠመቃ እሳት ቃጠሎ ያስነሳል፤ ቢራውም ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ጠማቂዎቹ ቀድመው እየጠመቁ ጥልቅ ምድር ቤት ቆፍረው አስቀመጡት። ምድር ቤቱ እንዳይሞቅ ከላዩ ጠጠር አፈሰሱ፤ ለጥላም ቅጠለ ሰፊ ዛፍ ተከሉ። ጥላና ቀዝቃዛ ቢራ ካለ ደግሞ ሰው መቼ ይጠፋል?

ገበያቸው የቀዘቀዘባቸው ምግብ ቤቶች አቤት አሉ። በ1812 ንጉሥ ማክሲሚሊያን ቀዳማዊ ዮሴፍ ሁለቱንም ወገን አስታረቁ፦ ጠማቂዎች እዚያው ቢራ ይሽጡ፤ ከዳቦ በቀር ግን ምግብ አያቅርቡ። ሰዉም ምግቡን ይዞ መምጣት ጀመረ።

ዛሬ ቢርጋርተኖች ምግብ ይሸጣሉ፤ ልማዱ ግን እንደጸና ነው። የአንድ ብርጭቆ ቢራ ዋጋ ብቻ የያዘ ሰው ከሀብታሙ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣል። ሕጉ ግን የወጣው ለእሱ ታስቦ አልነበረም፤ የምግብ ቤቶችን ገበያ ለመጠበቅ ነበር።