ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ? እስቲ እንቁጠረው

«የቁርጥ ቀን ሯጭ ማን ነው?» የሚለው ክርክር ኳስ በሌለበት ሳምንት ሁሉ ይነሳል። ውጫሌ ሻይ ቤት ብትቀመጡ፣ ፒያሳ ማኪያቶ ብታዙ ያው ነው፤ አንዱ ኃይሌ ይላል፣ ሌላው ቀነኒሳ። ማስረጃውም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እኔ አይቻለሁ!»። እኛም አይተናል። ዛሬ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን መጥተናል። (ዓመቶቹ፣ ዓ.ም ካላልን በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ወዳጆች ኮከባቸውን ሁለት ጊዜ ይመዝኑታል፤ አንዴ በመደበኛው ውድድር፣ አንዴ ዋንጫው በሚለይበት ፕሌይ ኦፍ። ወራቱን ሙሉ ጎል ሲያዘንብ ከርሞ በመጨረሻው ሰዓት የሚጠፋ ተጫዋች ምሕረት የለውም። የእኛ ፕሌይ ኦፍ ደግሞ የኦሊምፒክና የዓለም ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ነው። ሄንግሎ ወይም ብራስልስ ላይ ሪከርድ መስበር ሌላ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ ሰዓት ማወዳደር ነው። እንሞክረው። ኃይሌ በ1998 ሄንግሎ ላይ 26:22.75 ሮጠ። በ2000 ሲድኒ ላይ ወርቅ የወሰደው በ27:18.20 ነው፤ ከራሱ ሪከርድ 55 ሰከንድ ዘግይቶ ማለት ነው። በ1999 ሴቪያማ 27:57.27 ነበር፤ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ይዘገያል። በዚህ ሚዛን ኃይሌ በትልቅ ቀን የሚፈራ ሯጭ ሊባል ነው! ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ሪከርድ የሚሰበረው በአሯሯጭ፣ ዙሩ ሁሉ ተመጥኖ ነው። ፍጻሜ ላይ አሯሯጭ የለም፤ ሁሉም ይጠባበቃል፣ ማንም ነፋሱን ቀድሞ መጋፈጥ አይፈልግም፣ ከዚያ መጨረሻው ላይ እሳት ይነሳል።

እንዲያውም አንድ ጉድ እናሳያችሁ። ኃይሌ በ2008 ቤጂንግ፣ በ35 ዓመቱ፣ 6ኛ ሲወጣ የሮጠው 27:06.68 ነው። ይህ ሰዓት ከስድስቱም የወርቅ ሰዓቶቹ ይፈጥናል። በጣም ፈጣኑ ወርቁ የ1996ቱ አትላንታ ሲሆን እሱም 27:07.34 ነበር። ስለዚህ ሰዓቱን ወደ ጎን እንተወውና ደረጃ እንቁጠር።

ኃይሌ በ10,000 ሜትር አሥር ፍጻሜ ሮጧል። ከ1993 ሽቱትጋርት እስከ 2000 ሲድኒ ስድስት ጊዜ ሮጦ ስድስቱንም አሸነፈ። ከዚያ በ2001 ኤድመንተን 3ኛ፣ በ2003 ፓሪስ 2ኛ፣ በ2004 አቴንስ 5ኛ፣ በ2008 ቤጂንግ 6ኛ። ቀነኒሳ ስምንት ሮጧል። ከ2003 ፓሪስ እስከ 2009 በርሊን ስድስት ከስድስት፤ ከዚያ በ2011 ዴጉ ላይ አቋርጦ ወጣ (ወርቁን የወሰደው ኢብራሂም ጄይላን ነበር)፣ በ2012 ለንደን 4ኛ ሆነ።

አያችሁ? የኃይሌ ወገን «6 ከ6» ይላል፣ ተቃዋሚው «6 ከ10»። ሁለቱም አልዋሹም፤ የት ላይ መቁጠር እናቁም ነው ነገሩ። የውጫሌ ልጅ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ነው አድዋ ድረስ የወሰደን።

ቁጥሩ ትንሽ መሆኑም አይረሳ። ሲድኒ ላይ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። ቴርጋት ደረቱን ትንሽ ቀድሞ ቢያስገባ ኖሮ «6 ከ6» የሚባል ነገር አይኖርም ነበር፤ ኃይሌ ግን ያው ኃይሌ ነው። ከማን ጋር እንደሮጠም ይታሰብ። ቴርጋት በ1996፣ በ1997፣ በ1999 እና በ2000 አራቴ 2ኛ የወጣው በኃይሌ ተቀድሞ ነው። በሌላ ዘመን ቢወለድ የአራት ወርቅ ባለቤት ይሆን ነበር ብንል ማጋነን አይመስለንም።

በቀነኒሳ በኩል የምንወደው ቁጥር የፓሪሱ ነው። በ2003 ሁለተኛውን 5,000 ሜትር በ12:57 ገደማ ሮጦ ኃይሌን አስከተለ። ይህን ሰዓት ለብቻው 5,000 ሜትር ሮጦ ማምጣት እንኳ የብዙ ሯጮች ሕልም ነው።

5,000 ሜትር ካነሳን እሱንም እንደምር። የቀነኒሳ ፍጻሜዎች 12 ይሆናሉ፤ 8 ወርቅ፣ 1 ብር፣ 1 ነሐስ፣ ሁለቴ ያለ ሜዳሊያ። ኃይሌ የ1993ቱ ብር ተጨምሮለት 11 ፍጻሜ፣ 6 ወርቅ። እዚህ ላይ የቀነኒሳ ደጋፊ ሻይ ይጋብዝ ይሆናል።

ቆይ ግን። አንድ ስም ቀርቷል፤ በዚህ ክርክር ሁሌም ይቀራል። ጥሩነሽ ዲባባም በሁለቱ ርቀቶች 12 ፍጻሜ ሮጣለች። ወርቋም እንደ ቀነኒሳ 8 ነው፤ በ10,000 አምስት፣ በ5,000 ሦስት። ልዩነቱ የቀሩት አራቱ ላይ ነው፤ አንድ ብር፣ ሦስት ነሐስ። ከ12 ፍጻሜ 12 ሜዳሊያ! የ2003 ፓሪስ ወርቋን ስትወስድ ገና 20 ዓመት አልሞላትም፤ የ2017 ለንደን ብሯን ስትወስድ ወልዳ የተመለሰች እናት ነበረች። እርግጥ በጉዳት የቀረችባቸው ሻምፒዮናዎች አሉ፤ በ2009 በርሊንና በ2011 ዴጉ አልነበረችም፤ ያልተሮጠ ደግሞ አይቆጠርም። ቀነኒሳ ዴጉ ላይ ከረጅም ጉዳት ተመልሶ ስለሞከረ ተቆጠረበት፤ ይህ ለእሱ እንደማያደላ እናምናለን። ቢሆንም ያንን ብንሰርዝለት እንኳ የለንደኑ 4ኛ ይቀራል።

በ2007 ኦሳካ ላይ ጥሩነሽ ሆዷን እያመማት ነበር የሮጠችው። መሐል ላይ ተደናቅፋ ከመሪዎቹ ወደ ኋላ ቀረች፤ ደርሳባቸው በ31:55.41 አሸነፈች። በ10,000 ፍጻሜዎቿ ሁሉ ቀርፋፋው ሰዓት ይህ ነው። በ2016 ሪዮ ላይ ደግሞ በሕይወቷ ፈጣኑን 10,000 ሮጠች፤ 29:42.56። አልማዝ አያና 29:17.45 በሆነ የዓለም ሪከርድ ቀድማት ነበርና ነሐስ አገኘች።